አጭሯ ደወል

ልጃቸው በሞተ ዕለት እማማ ለፖሊሶቹ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም የጻፈላቸው የለም። «ደወሏ ዛሬ ታንቃ ነው የጮኸችው» አሉ። ወጣቱ ፖሊስ እስክሪብቶውን ከወረቀቱ ላይ አንሥቶ፣ ራሱን በሐዘኔታ ነቀነቀና፣ ሐዘን ብዙ ነገር ያሰማል ብሎ አጽናናቸው። ከኋላው የቆመው ሌላው ፖሊስ ደግሞ ለጓደኛው ብቻ የተናገረ መስሎት «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ብሎ ተረተ። ሰሙት። እማማ የማይሰሙት ነገር የለም። ሰፈሩ «እማማ ጆሮ» የሚላቸውም ለዚሁ ነው፤ ስሙን ያወጡላቸው ሊቀልዱባቸው ነበር፣ እሳቸው ግን እንደ ሹመት ይዘውት ኖሩ።

ቤታቸው ከላውንደሪው ጋር በአንድ ግንብ ይገናኛል። ልጃቸው እዚያ የመጭመቂያ ማሽን ሠራተኛ ነበር። የታጠበ አንሶላ ትልቅ የብረት በርሜል ውስጥ ይገባል፤ በርሜሉ እንደ እብድ እየተሽከረከረ ውሃውን ይተፋል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይቆማል፣ ክዳኑን የያዘው ቁልፍ ይለቃል፣ ሠራተኛውም ክንዱን እስከ ትከሻው አስገብቶ ጨርቁን ይጎትታል። አዳራሹ ውስጥ ማሽኖቹ ባንድ ላይ ስለሚያጓሩ ጆሮ አይሠራም። እዚያ የሚውል ሰው የሚያምነው አረንጓዴዋን መብራት ነው፤ እሷ ከበራች እጁ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ይገባል፣ ዓመታት ያሠለጠኑት እጅ ነዋ። ደወሏ በውጭው ግድግዳ ላይ የተሰቀለችው ለጋሪ ገፊዎቹ ነው። መብራቱም፣ ደወሏም፣ የክዳኑም ቁልፍ የሚታዘዙት ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነው።

ያን ጠዋት የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ፣ ሁልጊዜ ተንፏቅቃ የምትጮኸው ደወል እንደ ጫጩት ጢው አለችና ዝም አለች። እማማ ሽንኩርት ይልጡ ነበር። ቢላዋውን ሳያስቀምጡ ከግንቡ ማዶ የሰው ጩኸት ተነሣ። በርሜሉ ሳይቆም ክዳኑ ተከፍቶ፣ እርጥብ አንሶላ የልጃቸውን ክንድ ጠምጥሞ ወደ ውስጥ ወስዶት ነበር። ከዚህ በላይ መናገር ለእናትም ለሰሚም አይጠቅምም።

ፖሊስ ያንኑ ቀን ማሽኑን ሞከረው። በርሜሉ ጸጥ እስኪል ክዳኑ ንቅንቅ አላለም፤ ደወሏም እንደ ወትሮዋ ረዝማ ጮኸች። ከውጭ የተጠራ ባለሙያ የኮምፒውተሩን ፕሮግራም አገላብጦ አየና አንድ ፊደል አልተለወጠም አለ። እንግዲያውስ ሟቹ ቁልፉን ፈልቅቆ ከፍቷል ተባለ፤ በላውንደሪው በር ላይም «በራሱ ግድየለሽነት» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። እማማ ፊደል አልቆጠሩም፤ ወረቀቱ የሚለውን ግን አንብበው ከሚያልፉት ሰዎች ዓይን ላይ አነበቡት። የልጅ ልጃቸው «የግድየለሹ ልጅ» ተብላ ከትምህርት ቤት እያለቀሰች መጣች። ልጁንስ እሺ፣ የሰጠ ነሣ። ስሙን ግን የሰጡት እሳቸው ናቸው፤ ማን ሊነሣቸው ነው?

በየማለዳው ፖሊስ ጣቢያ እየሄዱ በአዛዡ በር ላይ ይቀመጡ ጀመር። ይህ ውሃ ወቀጣ ነው ሲሏቸው፣ «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ የናቃችሁት እኔን ነው» ይላሉ። አዛዡ በመጨረሻ መርማሪ ላከላቸው። እማማ በሩን ከፍተው ሲያዩ ደቃቃ ሴት ናት፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ድምፅዋም አይሰማም።

«የሚልኩት ወንድ አጥተው ነው?» አሉ እማማ።

«አላጡም፣ እማማ። ወንዶቹ ሥራ በዝቶባቸው የተረፍኩት እኔ ነኝ» አለች መርማሪዋ፤ ሳትቀየምም ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ደወሏ እንዴት ነበር የጮኸችው?»

እማማ ወደ እሷ ጠጋ አሉ። ይህን ጥያቄ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። የወትሮዋን ጩኸት አስረዝመው አሰሙ፤ ከዚያ የዚያን ጠዋቷን ጢው አሉ። መርማሪዋ ዓይኗን ጨፍና ሁለቱንም አስደገመቻቸው። ቀጥላም ከሞቱ በፊት ወደ ቤታቸው የመጣ እንግዳ ይኖር እንደሆነ ጠየቀች።

አንድ ነበር። ከሌላ ከተማ የመጣ፣ ቀኝ እጁ ከትከሻው የተቆረጠ ሰው። ልጃቸውን ፈልጎ መጣና ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ተንሾካሾኩ። እማማ ለእንግዳው ምራታቸውን እንቁላል እንድትቀቅል አዘዟት። በእማማ ቤት እንቁላል የሚቀቀለው በሰዓት አይደለም፤ ልጃቸውን ሲያሳድጉ ራሳቸው ያወጡትን እሹሩሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ማንጎራጎር ነው፤ ሲያልቅ እንቁላሉ ደርሷል። ሰውየው በአንድ እጁ መላጥ ስላልሆነለት እማማ ልጠው ሊሰጡት ሲሉ፣ አስኳሉ በጣቶቻቸው መሐል ፈሰሰ። አፍረው ምራታቸው ላይ ጮኹባት።

ምራቲቱ እዚያው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። «አንድ ቃል አልዘለልኩም፣ እትዬ» አለች፣ ያን ዕለት እንዳለችው።

«ቃሉንማ አልዘለልሽም። ግን ውሻ እንዳባረረው ሰው ነው የምታንጎራጉሪው» አሉ እማማ። ወደ መርማሪዋ ዞረው ደግሞ፣ የሚገርመው እንግዳው ነው አሉ። የፈሰሰውን አስኳል አይቶ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «የኔንም እጅ የወሰደው እንዲህ ያለ ጥሬ እንቁላል ነው» አለ። ልጃቸውም ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ።

መርማሪዋ ምራቲቱን እሹሩሩውን አንጎራጉሪልኝ አለቻት፤ ከዚያም እማማን። ሁለቱንም እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ምራቲቱ ሁሉን በጨረሰችበት ያህል ጊዜ እማማ ገና አጋማሹ ላይ እንኳ አልደረሱም። ዜማውን ጉልበቷ ላይ እየመታች ስትከተል የነበረችው የመርማሪዋ ጣት ቆመች። ባልሽ ከዚያ በኋላ ምን አለሽ ብላ ምራቲቱን ጠየቀቻት። ምራቲቱም፣ አንድ ሰው ራሱ ቢናገር ይሻላል ብዬ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ ብሎኝ ነበር አለች። ማን እንደሆነ ግን አልነገራትም።

«እማማ፣ ነጠላዎን ይልበሱ» አለች መርማሪዋ። «ጆሮዎን እፈልገዋለሁ።»

ላውንደሪው ግቢ የገቡት ጋሪ ሙሉ ሰማያዊ ብርድ ልብስ ሲራገፍ ነው። ብናኙ በአየሩ ላይ ይንሳፈፋል፤ የሠራተኛው ቅንድብ ሳይቀር ሰማያዊ ሆኗል። የአዳራሹ ኃላፊ ሲያንሾካሹክ እንኳ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ሰው ስለሆነ «ነጎድጓድ» ይሉታል። የላውንደሪው ባለቤት የእሱን ቦታ ለሟቹ ሊሰጥ አስቦ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱም አልደበቀም።

«ቦታዬን ሊወስድ ነበር፤ ነግረውሽ የለ?» አላት። «ጠልቼውም ነበር። ግን ስሞት እንዲያው ልንገርሽ፣ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነኝ። በሩ አጠገብ ያለውን ቀዩን እጀታ ስቤ አዳራሹን በሙሉ አጠፋሁ። ከዚያ አቅፌው ተቀመጥኩ፤ እናንተ እስክትመጡ አልተነሣሁም።»

ይህን ሠራተኛው ሁሉ አይቷል። የመቆጣጠሪያውን ክፍል ቁልፍ የት እንዳስቀመጠው ስትጠይቀው ግን ነጎድጓድ ድምፁ ሟሸሸ። ደንቡ ኪስህ ውስጥ ያዝ ነው፤ እሱ ግን ሁልጊዜ በሩ ላይ ሰክቶ ይተወዋል። ይህን ለመጀመሪያዎቹ ፖሊሶች አልተናገረም፤ እንጀራዬ ይቀራል ብሎ ነው። ብርድ ልብሶቹ ከመቼ ጀምሮ እንደሚመጡም ጠየቀችው።

«ከሆስፒታል ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጡት ልጁ በሞተበት ጠዋት ነው፤ ይኸው ከዚያ ወዲህ ሰማያዊ ነው የምንተነፍሰው» አለ።

የመቆጣጠሪያው ክፍል ከማራገፊያው ጠረጴዛ ጎን ያለ፣ ከቁም ሣጥን የማይሰፋ ጉሮኖ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር የዓመታት የጨርቅ ብናኝ ለብሶ የተኛ ድመት ይመስላል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ጀርባውን አየች። ገመዶቹ የሚሰኩበት ቦታ ላይ ብናኙ ተጠርጎ ብረቱ ይታያል፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። ከእማማ ጋር ተያዩ።

የባለቤቱ ቢሮ ፎቁ ላይ ነው፤ ምንጣፍ አለው፣ መስኮቱም ዝግ ነው። ባለቤቱ የተከበረ፣ ቃላት የሚመርጥ ሰው ነው። ያን ጠዋት ከከተማ ውጭ ከብዙ ሰው ጋር ስብሰባ ላይ ነበር፤ ነገሩን በስልክ ነው የሰማው። ጉዳዩ እንዲዘጋ መፈለጉን አልሸሸገም፤ ሆቴሎቹ እየራቁት ነበር።

«ልጁ ጎበዝ ነበር» አለ ለእማማ። «ያው ግን ሰው ነው።»

«ሰው መሆኑን አንተ ልትነግረኝ አይገባም፤ የወለድኩት እኔ ነኝ» አሉት።

መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ስላለው ኮምፒውተር ጠየቀች። በቅርቡ የገዛው ነው፤ ከፈጣኖቹ ሁሉ ፈጣን። ወዲያና ወዲህ ሄዶ ያውቃል ወይ ስትለው፣ ቫይረስ ገብቶበት «ሊቁ» የሚሉት የኮምፒውተር ባለሙያ ለማጽዳት ወስዶት ነበር አለ፤ ከጉዞው ሲመለስ ቦታው ላይ አገኘው፤ ከዚያ ወዲህም አልተነሣም። መርማሪዋ ነጭ መሐረብ አወጣችና ጠረጴዛውን፣ የመስኮቱን ደፍ፣ የምንጣፉን ጠርዝ ጠረገችበት፤ ግራጫ አቧራ እንጂ ሌላ አልያዘም። ከዚያ መፍቻ አስመጥታ ኮምፒውተሩን ከፈተች፤ ከማራገቢያው ጥርሶች መሐል በጥፍሯ ጫፍ አንድ ነገር ቀነጠበች። ሰማያዊ ነበር። በመሐረቡ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችው።

ሊቁም እዚያው ቢሮ ተጠርቶ መጣ፤ የላውንደሪውን ፕሮግራም የጻፈው ሰው ነው። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ለስላሳ አንደበት ያለው፣ እማማን ዝቅ ብሎ እጅ የነሣ። እማማ ዝቅታውን አልወደዱትም፤ አንገቱ ጎንበስ ሲል ዓይኑ ቀና እንዳለ ነበር።

«ፕሮግራሙ አንድ ፊደል አልተነካም፤ ባለሙያውም አይቶታል» አለ። «እኔ ያን ጠዋት ለጥገና ግቢው ውስጥ ነበርኩ። ጩኸቱን እንደሰማሁ ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ሮጬ ኃይሉን አጠፋሁ። አልደረስኩም እንጂ...»

ባለቤቱ ለዚህ በሰው ፊት አመስግኖት እንደነበር ተናገረ። መርማሪዋም አመሰገነችው። የባለቤቱን ኮምፒውተር መቼ እንደመለሰው ጠየቀችው፤ ልጁ ከመሞቱ በፊት በነበረው ቀን፣ ቢሮው ሊዘጋ ሲል አለ። እሷም ራሷን ነቀነቀች። እማማ ተናደዱ፤ ወደ ቤት ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርሙ ነበር። ይችም እንደነዚያው ናት፣ ራስ መነቅነቅ ብቻ።

መርማሪዋ ለጥቂት ቀናት ጠፋች። ስትመለስ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ባለቤቱን፣ ነጎድጓድን፣ ሊቁን፣ ሠራተኞቹን፣ ምራቲቱንም። ማሽኖቹ ሁሉ ጠፍተዋል። እማማን ግን ከውጭ፣ ከደወሏ ሥር ወንበር ሰጥታ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ መጭመቂያው ብቻ ባዶውን ተነሣ። ዞሮ ዞሮ ሲያበቃ ደወሏ ረዝማ ጮኸች። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ተነሣ፤ ይኼኔ ደወሏ እንደ ጫጩት ጢው አለች።

እማማ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ። በአዳራሹ በር ገብተው፣ «እሷ ናት» አሉ። «የገደለችው እሷ ናት።»

ሠራተኞቹ ግን እሳቸውን አላዩም። ክዳኑ ተከፍቶ፣ በርሜሉ ውስጡ ገና ሲበርር እያዩ ነበር። አረንጓዴዋም መብራት በርታለች።

«ፕሮግራሙ አልተለወጠም» አለች መርማሪዋ፤ ቀስ ብላ ስለምትናገር ሁሉም ጠጋ አለ። «ሊቁ እውነቱን ነው። የተለወጠው ቆጣሪው ነው። ይህ ፕሮግራም ሰዓት አያይም፤ በርሜሉንም አያይም። የታዘዘው ከአንድ ጀምሮ እስከ አንድ ትልቅ ቁጥር እንዲቆጥር፣ ሲጨርስም ክዳኑን እንዲለቅ ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ቆጥሮ እስኪጨርስ በርሜሉ ቆሟል። አሁን ያንኑ ፕሮግራም ቀድቼ ገመዱን የሰካሁት በባለቤቱ ኮምፒውተር ላይ ነው። እሱም ያንኑ ቁጥር አንድም ሳይዘል ይቆጥራል፤ ነገር ግን ፈጣን ነውና በርሜሉ ሳይቆም ጨረሰ። ደወሏም ርዝመቷ የሚለካው በዚያው ቆጠራ ነው፤ ስለዚህ አጠረች። የእማማ እሹሩሩ ነው። ምራታቸው አንድ ቃል ሳትዘል ፈጥና ጨረሰችው፤ እንቁላሉም ጥሬ ሆነ።»

ምራቲቱ አፏን በእጇ ያዘች።

«ስለዚህ ያን ጠዋት አንድ ሰው አሮጌውን ነቅሎ ፈጣኑን ሰክቷል፤ ከጩኸቱ በኋላም አሮጌውን መልሷል፤ ፖሊስ የሞከረው አሮጌውን ነው። ማን?» ወደ ባለቤቱ ዞረች። «ኮምፒውተሩ የእርስዎ ነው፤ እርስዎ ግን በብዙ ሰው መሐል ሩቅ ነበሩ።» ነጎድጓድ ቀድሟት፣ ቁልፉን በር ላይ የተወው ራሱ መሆኑን በዚያ ድምፁ ለአዳራሹ ሁሉ ተናዘዘ። «ተውከው፤ ማንም እንዲገባ በሩን ከፈትክ» አለችው። «መልሰህ የምትሰካበት ጊዜ ግን አልነበረህም፤ ሟቹን አቅፈህ ሰው ሁሉ ሲያይህ ነበር። ቀዩንም እጀታ የሳብከው አንተ ነህ። እጀታው ከተሳበ ደግሞ አዳራሹ ሙሉ ጠፍቷል። እንግዲህ ሁሉም ወደ ልጁ ሲሮጥ አንድ ሰው ብቻ ወደዚያ ጉሮኖ ሮጠ። ምን ሊያጠፋ?»

ሊቁ ፈገግ ለማለት ሞከረ። በድንጋጤ ሰው ብዙ ነገር ያደርጋል አለ፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ቢሮ ውስጥ እንደነበር ደገመ።

መርማሪዋ መሐረቡን ፈታች። «ከማራገቢያው ውስጥ ያወጣሁት ይህን ነው። ቢሮው ውስጥ ሰማያዊ ብናኝ የለም፤ ጠርጌ አይቻለሁ። ሰማያዊው ጨርቅ ደግሞ እዚህ ግቢ የገባው ልጁ በሞተበት ጠዋት ነው። በዋዜማው የተመለሰ ኮምፒውተር በማግሥቱ የመጣ ብናኝ ከየት ተነፈሰ? ከዚያ ወዲህ ደግሞ እኔ ለዛሬ እስካወርደው ድረስ ማንም አላንቀሳቀሰውም።»

የአዳራሹ የጎን በር ተከፈተና እጁ የተቆረጠው እንግዳ ገባ። ሊቁ እሱን ሲያይ ያልተነገረ ሁሉ ፊቱ ላይ ተነበበ። ሰውየው የሚሠራበት ላውንደሪ ያንኑ ፕሮግራም ከሊቁ ገዝቶ ነበር። አሮጌው ኮምፒውተር ሲበላሽ ፈጣን ገዙ፤ በመጀመሪያው ዙር እጁ ሄደ። ሊቁ መጥቶ አየና ምክንያቱ ገባው፤ ለሰውየው ግን፣ ያጠፋኸው አንተ ነህ አለው። ሰውየው ነገሩን ራሱ ሲያሰላስል ከርሞ ደረሰበትና፣ ፕሮግራሙ ያለበትን ሌላ ቤት ሊያስጠነቅቅ መጣ። የእማማ ልጅም ሊቁን በአደባባይ ከማዋረድ ራሱ እንዲናገር ጊዜ ሰጠው።

«ጊዜ ሰጠው» አለች መርማሪዋ።

ሊቁ በመጨረሻ አመነ። ሲናገር ለስላሳው አንደበቱ ጠፍቶ ነበር። ፕሮግራሙን በየከተማው ሸጦታል፤ ቢወራ ስሙ ያልቅለት ነበር። «እንዲሞት አላሰብኩም» አለ። «እጁን ብቻ ይነካዋል፣ ይፈራል፣ ዝም ይላል ብዬ ነው።»

እማማ ሲጠጉት ማንም አልከለከላቸውም። «ለእጁስ ቢሆን እኔን አስፈቅደኸኛል?» አሉት። ሊቁ ቀና ብሎ አላያቸውም።

ፖሊሶቹ ወሰዱት። ከመካከላቸው አንዱ ያ ተረት የተረተው ነበር፤ በእማማ ፊት ሲያልፍ ባርኔጣውን አስተካክሎ ወደ መሬት አየ። ፕሮግራሙ ያለባቸው ላውንደሪዎች ሁሉ መጭመቂያቸውን እንዲያቆሙ ተደውሎላቸዋል ብላ መርማሪዋ ለእማማ በጆሯቸው ነገረቻቸው። እማማም እጇን ይዘው፣ የመጀመሪያ ቀን ስለ ወንዶቹ የተናገሩትን መልሰው እንደወሰዱት ነገሯት። ይህ በእማማ አፍ ብዙ ነው።

ባለቤቱ እያመነታ ቀረበ። አዝናለሁ አለ፣ ተሳስተናል አለ፤ ነጎድጓድን ጠርቶም ሂድ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት አንሣ፣ ማስተካከያ ተጽፎ ይለጠፋል አለው።

«ነጎድጓድ፣ ቁም» አሉ እማማ። ነጎድጓድ ቆመ። ወደ ባለቤቱ ዞሩ።

«የለጠፍከው አንተ ነህ፤ በራስህ እጅ ታነሣዋለህ። ሌላ ወረቀት እንዳትለጥፍ፤ እኔ አላነብም፣ የልጅ ልጄንም የሚሰድቧት በወረቀት አይደለም። ነገ ሠራተኛ ሲገባ፣ ልጆችም ወደ ትምህርት ቤት ሲያልፉ በሩ ላይ ቁምና በአፍህ ተናገር። ልጄን በስሙ ጥራው። ግድየለሽ እንዳልነበረ፣ ለጠላቱ እንኳ ጊዜ የሰጠ ሰው እንደነበረ ተናገር። ጮክ በል። እኔ ከግንቡ ማዶ ተቀምጬ እሰማለሁ፤ ካሳጠርከው አውቅብሃለሁ።»